የተተኩት ችግኞች

በዚያ ክረምት ልተኛ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ በፊት የነበሩትን አምስት ክረምቶች ያሳለፍኳቸው ባሕር ዳር፣ በተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። በበጋ ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ሻንጣዬን አንሥቼ ዲግሪዬን ለመጨረስ እሄዳለሁ። በአምስተኛው ዓመት ዲግሪው አለቀ። ሻንጣውን አልጋ ሥር ገፋሁትና ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ ላዳምጥ ወሰንኩ። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ርእሰ መምህሩ ሰው ላከብኝ።

"ላንቺ የሚከብድ አይደለም" አለኝ ገና ሳልቀመጥ። እንዲህ ብሎ የጀመረው ነገር ሁሉ ከብዶኝ ያውቃል።

ነገሩ የክረምት የሳይንስ ፕሮግራም ነበር። ከመቶው ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ይግባ የሚባልበት ዘመን ስለነበር ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከአካባቢው የተመረጡ ልጆች ስድስት ሳምንት እኛ ትምህርት ቤት ይከርማሉ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ትንሽ ምርምር ይሠራል፤ በመጨረሻው ሳምንት ስለ ምርምሩ ስምንት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፖስተርም ያዘጋጃል። እኔ አማካሪ ሆኛለሁ። ሁሉ ነገር አንድ ለአምስት በሚደራጅበት ጊዜ እንደመሆኑ አምስት ተማሪ ደረሰኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር መሰለኝ። ለእምቢታም ጉልበት ያስፈልጋል።

ከአምስቱ አንዷ ከቡሬ ወዲህ ካለ ገጠር የመጣች የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ፍኖተ ሰላም አክስቷ ቤት ነበር ያረፈችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች። ቀጭን ናት፤ ስትናገር ዓይኖቿ ደብተሯ ላይ ናቸው። ሌሎቹ የምርምር ርእስ እንድሰጣቸው ሲጠብቁ እሷ ይዛ ነበር የመጣችው።

"የአባቴ በርበሬ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይጠወልግና ይሞታል። ውሃ ሥሩ ላይ ሲቆም ይመስለኛል" አለች።

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"አንዱን መደብ ከፍ አድርጌ፣ አንዱን እንደ ልማዱ ሜዳ ላይ እተክላለሁ። ከዚያ የሞተውን እቆጥራለሁ።"

ከሰማኋቸው አምስት ሐሳቦች ማስተካከያ ያላስፈለገው የእሷ ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር የወደድኩላትም ለዚያ ነው፤ አንድ ሥራ ይቀንስልኛል ብዬ። በዚያው ሳምንት ከአባቷ ማሳ ጥግ ላይ ሁለት መደብ አዘጋጀች፤ አንዱን ቁመቱ እስከ ቅልጥም እንዲደርስ አፈር አልብሳ፣ ሌላውን ደልድላ። በእያንዳንዱ ላይ አርባ አርባ ችግኝ ተከለች። ሰኞ ሰኞ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከሜዳው መደብ ሁለት ሞቷል፣ ከፍ ካለው ምንም። በሁለተኛው ስድስትና አንድ። በሦስተኛው ዐሥራ አንድና ሁለት። ቁጥሮቹን ሳይ፣ ደክሞኝም ቢሆን፣ ደስ አለኝ።

"በሚመጣው ቅዳሜ አብሬሽ ሄጄ አየዋለሁ" አልኳት።

አልሄድኩም። ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ ቀረ፤ ባያባራም መሄድ እችል ነበር፤ ግን አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ላክሁባት።

ሰኞ ስትመጣ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከፍቼ አየሁት። በአራተኛው ሳምንት፣ በሁለቱም መደብ፣ የሞተ የለም። ዜሮና ዜሮ። አርባውም አርባውም ቆሟል።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የሞቱት ተነሥተዋል፣ መምህርት" አለች፤ ቀልድ አልነበረም ድምጿ ውስጥ።

ተሳስተሽ ቆጥረሽ ነው አልኳት። ሦስቴ ቆጥሬያለሁ አለች። ፍልሰታ ገብቶ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ የአምስት ልጆች እንግሊዝኛ ሳርም ነው የምውለው። አንዱ እንዶድ ልብስ እንደሚያጠራ በሁለት ገጽ ጽፎ ግሱን ሁሉ ረስቶታል። አንዷ ቲማቲም አመድ ውስጥ ሲቀመጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ትጽፋለች፤ አመዱን ግን ረስታዋለች። የሞተ በርበሬ መነሣት ለዚያ ቀን ከአቅሜ በላይ ነበር። "ቅዳሜ እንሄዳለን" አልኳት። በዚህኛው ቅዳሜ ሄድኩ።

ወደ ቡሬ ከሚሄድ ሚኒባስ መንገድ ላይ ወርደን ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ተጓዝን። ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀርቶብኝ ባዶ እግሬን ተራመድኩ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ልጅቷ እጄን ይዛ አሻገረችኝ፤ ውሃው ከጉልበቴ በላይ ደርሶ ቀሚሴን አረጠበው። ስንደርስ አባቷ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ረዘም ያሉ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሰው ናቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝና እንዴት ሰነበቱ፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ቤተሰብ እንዴት ነው እያሉ በቀጥታ ወደ ማሳው ወሰዱኝ።

መደቡን ያየ ሰው ሥዕል ነው ይላል። አንድም አረም የለም። አፈሩ ተኮትኩቷል፤ ሁለቱም መደብ ላይ ችግኙ በመስመር ቆሟል። ቁጢጥ ብዬ ቀረብኩ። ከሜዳው መደብ ግማሽ ያህሉ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ቅጠሉም ለጋ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር በቅርቡ የተነካ ነው።

"አባቴ፣ እነዚህ መቼ ነው የተተከሉት?" አልኳቸው።

"የሞቱትን ነው የሚሉኝ? ተክቻቸዋለሁ እኮ። የኔ ችግኝ አልቆ ነበር፤ ኸጎረቤት ለምኜ ነው።"

"ለምን ተኩት?"

ጥያቄው ግራ እንዳጋባቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። "እርስዎ ይመጣሉ ብላ በስልክ ነገረችና። የግብርናው ሰው እንግዳ ሊያመጣ ሲል ማሳችሁን አሳምሩ ይለናል፤ ሌት ተቀን ብለን እናሳምራለን። ለሱ እንግዳ ያሳመርሁ ሰው ለልጄ አስተማሪ የሞተ በርበሬ ላሳይ? የሰው ማሳ አረንጓዴ ሆኖ የሷ መደብ ራሰ በራ ሲሆን ምን ይሏታል?"

ልጅቷ ከኋላችን ቆማ ነበር። ዞር ብዬ ሳያት በዓይኗ ለመነችኝ። ምን ብላ እንደለመነችኝ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ንገሪያቸው ማለቷም አትንገሪያቸው ማለቷም ሊሆን ይችላል። እኔ የሚቀልለኝን መረጥኩ። ቀሚሴ ርሷል፣ ርቦኛል፣ የመመለሻ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ። ሙከራ ምን እንደሆነ፣ የሞተው ችግኝ ከቆመው እኩል ለምን እንደሚያስፈልግ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። "በጣም ያምራል። እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ቤት አስገብተውኝ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ፤ ጠገብኩ ብል አንድ ሌላ እየላጡ ሰጡኝ።

ስንመለስ እንደገና እጄን ይዛ ወንዙን አሻገረችኝ። ከዚያ ጠየቅኋት።

"የተኩት እሳቸው መሆናቸውን ታውቂ ነበር?"

"ጠርጥሬ ነበር።"

"ለምን አልነገርሻቸውም?"

"እርስዎስ ለምን አልነገሯቸውም?" አለች፤ በትሕትና፣ ወደ መሬት እያየች።

ጥቂት ከሄድን በኋላ ፖስተሩ ላይ ምን እንጻፍ አለችኝ። የሦስቱን ሳምንት ቁጥር ብቻ እንጠቀም፣ ከዚያ በኋላ የሞቱት ችግኞች ተተክተዋል ብለን እንጻፍ አልኳት። ማን እንደተካቸው ሳይነገር ተተክተዋል ብቻ። እንግሊዝኛው ለዚህ ይመቻል፤ አድራጊውን ሳይጠራ የተደረገውን ይናገራል። የአባቷ ስም አይነሣም፣ ውሸትም አይሆንም። አሰበችበትና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ሁሉ አንድ ቀን ይመስሉኛል። ፖስተር የሚያትም ማሽን በከተማው ስላልነበረ አራት ፍሊፕ ቻርት በኮላ እያገጣጠምን በእጅ እንሠራ ነበር። የክረምቱ እርጥበት ወረቀቱን ያጨማድደዋል፤ የማርከሩም ቀለም ይፈስሳል። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ የከሰል ካውያ አመጣችልንና በላዩ ነጠላ እየዘረጋን ፖስተሩን እንደ ልብስ ተኮስነው። የበርበሬዋ ልጅ ሁለት ዓይነት ቀለም ተጠቅማ ቁጥሮቿን በዓምድ ሣለች፤ ሜዳው ቀይ፣ ከፍ ያለው አረንጓዴ። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ያለውን ቦታ ባዶ ተወችው። ከሥሩ ያችን ዓረፍተ ነገር በትንሽ ፊደል ጻፈች።

ንግግሩ ደግሞ ሌላ መከራ ነበር። ኤሌክትሪክ ካለ ለፕሮጀክተር ወረፋ፣ ከሌለ በጥቁር ሰሌዳ። ፕላዝማው ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ ልጆቹ ጥቁር መስታወቱ ላይ ራሳቸውን እያዩ ይለማመዱ ነበር። ስምንት ደቂቃ የተሰጣትን እሷ በአራት ትጨርሰዋለች፤ ሳትተነፍስ ነው የምትናገረው። "ተንፍሺ" እላታለሁ። ትተነፍስና በአምስት ትጨርሰዋለች። ሌሎቹም በየተራ ይቆማሉ። ያንኑ የእንዶድ ንግግር ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ሳልሰማው አልቀረሁም። አንድ ቀን ተማሪ እየተናገረ ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ልጆቹ እንዳልነቃ በሹክሹክታ ይለማመዱ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ፍልሰታ ተፈትቶ ነበር። ወላጆች ተጋብዘው አዳራሹ ሞላ፤ የእርጥብ ጋቢና የጃንጥላ ሽታ ነበረው። አባቷ በሌሊት ተነሥተው ከገጠር መጥተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን፣ አንዱ የሰብል ባለሙያ ነው የተባለ እንግዳ።

ተራዋ ሲደርስ ተንፍሳ ተናገረች። ሰባት ደቂቃ ከምናምን ፈጀባት። አባቷ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ነገር ግን ልጃቸው በዱላ የበርበሬውን ሥዕል ስትጠቁም አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው አንድ ነገር ይሉታል፣ ሰውየውም ራሱን ይነቀንቃል። ያችን ዓረፍተ ነገር ስትደርስ ድምጿ ትንሽ ወረደ እንጂ አልቆመችም። ጨርሳ ስታጎነብስ አጨበጨቡላት። አለፈ ብዬ ትከሻዬ ወረደ።

የሰብል ባለሙያው በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ጠየቃት። አልገባትም። ደግሞ ጠየቃት። አሁንም እንዳልገባት ሲያይ፣ ሰው ሲጨነቅ ማየት የማይወድ ይመስለኛል፣ ወደ አማርኛ መለሰው።

"የሞቱት ችግኞች ተተክተዋል ብለሻል። ማን ነው የተካቸው? የሞተው ካልታየ እኮ ሙከራሽ ተበላሸ ማለት ነው።"

ያን ሁሉ ጊዜ ፈገግ ብለው የነበሩት አባቷ ለአፍታ ፈገግታቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጠፋ። አዳራሹ ውስጥ በአማርኛ የተነገረው የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር። እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ። ሄጄ ልመልስላት እችል ነበር፤ አማካሪዋ ነኝ፣ ወጉም ይፈቅዳል። ቀና ስል ልጅቷ ዱላውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

"እኛ ነን" አለች።

"እኛ ማለት?"

"ቤተሰቡ። እኔም አለሁበት። መቁጠር እንዳለብኝ ነው ያሰብኩት። ለምን እንደምቆጥር ለቤተሰቤ መንገር እንዳለብኝ አላሰብኩም።"

ባለሙያው ወረቀቱ ላይ ጻፈና "ጥሩ፣ ተቀመጪ" አላት።

ከሰዓት በኋላ ፖስተሮቹ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፈው ሰዉ እየዞረ ያያቸው ነበር። አባቷ ከልጃቸው ፖስተር ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ልሸሽ አስቤ ነበር፤ አይተውኛል።

"መምህርት፣ ያን ቀን የመጡ ዕለት ተበላሽቶ ኖሯል?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"እና ያምራል አሉኝ።"

ቁጣ አልነበረም። ነገሩን በቦታው ለማስቀመጥ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። "ደክሞኝ ነበር" አልኳቸው፤ ከዚያ የተሻለ እውነት አልነበረኝም። "መንገዱስ ያደክማል" አሉ። ይህን ያሉት ሊያቃልሉልኝ መሆኑን ስላወቅሁ የባሰ አፈርኩ።

ልጃቸውን ጠርተው ፖስተሩን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ አንብቢልኝ አሏት። ጣቷን እያስኬደች አነበበችላቸው። ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ አስቆሟት።

"እዚህ ምን ይላል?"

"የሞቱት ተተክተዋል ይላል።"

"አባቴ ተካቸው ብለሽ ብትጽፊው ምን ነበረበት? ሰው ሳያውቅ ይሠራል።"

"ላሳፍርዎ ብዬ?"

"አሁንስ የት አመለጥሁ?" አሉና ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፤ ዓይኗን ግን በነጠላዋ ጠረገች።

ደረጃ ውስጥ አልገባችም። እንዶዱ አንደኛ ወጣ። ለእሷ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ሰጧት፤ የአባቷን ስም አንድ ፊደል አሳስተውባታል። ላስተካክልላት ብዬ ቢሮ ስገባ ማኅተም የሚያደርገው ሰው ወጥቶ ነበር፤ በሌላ ቀን ብዬ ተውኩት፣ በሌላ ቀንም አልተመለስኩም። ፖስተሮቹን አውርጄ፣ ጠቅልዬ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከቁም ሣጥኑ በላይ ጣልኳቸው። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

መስከረም ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"መምህርት፣ ዛሬ ኸሜዳው ሦስት፣ ኸከፍታው አንድ" አሉና ካርዱ እንዳያልቅባቸው ዘጉት።

የልጅቷ አባት ነበሩ፤ ምን እንዳሉኝ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። የተኩትን፣ ኋላ ሄጄ እንዳየሁት፣ ለይተው ምልክት አድርገውበት፣ የሚሞተውን ሳይነኩ እየቆጠሩ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜም ደወሉ። "ኸሜዳው አራት፣ ኸከፍታው የለም።" ደህና ነዎት ወይ እንኳን አይሉም፤ ሲገናኙ ግማሽ ሰዓት ሰላምታ የሚጠይቁ ሰው። መጀመሪያ አዝኜ ሰማኋቸው። ፕሮግራሙ አልቋል፣ ቁጥሩን የሚጠይቅ የለም፤ ይህን ልነግራቸው እያልኩ ሳልነግራቸው ይዘጋል። በሦስተኛው ሳምንት እስክሪብቶ ይዤ ጠበቅኋቸው።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ ሳልጠራ ሄድኩ። ልጅቷ ቡሬ ትምህርት ላይ ነበረች፤ ያገኘኋቸው አባቷን ብቻ ነው። ማሳው ዳር ተቀምጠን ነሐሴ ላይ ልነግራቸው የሚገባኝን ሁሉ፣ አንዱ መደብ ለምን ከሌላው ጋር እንደሚነጻጸር፣ የሞተው ለምን ሞቶ መታየት እንዳለበት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሳያቋርጡ ሰሙኝና ይህንስ አዳራሹ ውስጥ ገብቶኛል አሉኝ። ከዚያ እየመሩ ከፍ ወዳለው መደብ ወሰዱኝ። የቀሩት በርበሬዎች ቀልተው ተንጠልጥለዋል። ከመካከላቸው አንዱ ደርቆ ቆሟል፤ አልነቀሉትም።

"ይህኛው ውሃ አልቆመበት፣ ከፍ ያለ ላይ ነው። ምን ገደለው?" ብለው ጠየቁኝ።

ግንዱን ይዤ አየሁት፤ ሥሩን በጣቴ ፈልፍዬ አየሁት። የማስተምረውን ሁሉ አስታወስኩ።

"አላውቅም" አልኳቸው።

"እኔም አላወቅሁትም" አሉና አጠገቤ ቁጢጥ ብለው አፈሩን አብረውኝ ገለጥ አደረጉ፤ ሁለታችንም ሥሩን እያየን ቆየን።